አጭር ቁጥር ካርዳችንን የሚበላው ለምንድን ነው? ከመደወላችሁና «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን ነገሮች ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ «አጭር ቁጥር ላይ ደወልኩ፣ ሳላወራ ካርዴ አለቀ፤ ለምን?» እና «ያልጠየቅኩት አገልግሎት በየቀኑ ሂሳብ ይቆርጥብኛል፤ እንዴት ላስቁመው?»። ሁለቱም ጥያቄ አንድ ሥር አለው። ዛሬ ሥሩን እናያለን። ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ሴቭ አድርጉት፤ ስትፈልጉ ተመልሳችሁ የምታዩት እንዲሆን ነው በየርዕሱ የከፈልነው።

አጭሩ መልስ

አንዳንድ ቁጥሮች ላይ ስትደውሉ ወይም መልእክት ስትልኩ የምትከፍሉት ለቴሌ ብቻ አይደለም። ከሂሳባችሁ የሚቆረጠው ብር በቴሌኮም ኩባንያውና በቁጥሩ ባለቤት መካከል ይከፋፈላል። ስለዚህ ዋጋው ከተራ ጥሪ ይበልጣል። ችግሩ ደግሞ ቁጥሩን በማየት ብቻ ዋጋውን ማወቅ አይቻልም። ነፃውም፣ ውዱም፣ በየቀኑ የሚቆርጠውም መልካቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስት ወይም አራት አሃዝ።

ገቢ የሚጋራ ቁጥር ምን ማለት ነው?

ተራ ጥሪ እንዲህ ነው፦ ከኮምቦልቻ ሆናችሁ ደሴ ላለ ጓደኛችሁ ትደውላላችሁ፣ ለደቂቃው ትከፍላላችሁ፣ ጓደኛችሁ ምንም አያገኝም። ገቢ የሚጋራ ቁጥር ላይ ግን ጥሪውን የሚቀበለው ወገንም ከከፈላችሁት ላይ ድርሻ አለው። እናንተ ብዙ በደወላችሁ ወይም ብዙ መልእክት በላካችሁ ቁጥር እሱም ያገኛል።

በእኛ አገር ይሄ ሥራ በአብዛኛው «ተጨማሪ እሴት አገልግሎት» በሚል ስም ነው የሚታወቀው። በመሃል ሦስት ወገኖች አሉ። አንደኛው ኔትወርኩን የያዘውና ሂሳባችሁን የሚቆርጠው የቴሌኮም ኩባንያ ነው። ሁለተኛው ቁጥሩን ተከራይቶ ሲስተሙን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ነው። ሦስተኛው ይዘቱን ወይም ስሙን የሚያቀርበው ነው፦ ውድድር ያዘጋጀ ጣቢያ፣ የስፖርት ዜና የሚልክ፣ የጤና ምክር የሚሰጥ፣ ጥሪ የሚቀበል ድርጅት። እናንተ የምታውቁት ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ብሩን የሚቆርጠው ደግሞ አንደኛው ነው። ለዚህ ነው ቅሬታ ይዛችሁ ስትሄዱ «እኛ ጋ አይደለም፣ እነሱ ጋ ነው» የሚባለው።

ትንሽ የሚመስለው ብር

ለምሳሌ ያህል በቀን 1 ብር የሚቆርጥ አገልግሎት እንውሰድ። 1 ብር ማንም አያስተውልም። በወር 30 ብር ነው፣ በዓመት 365 ብር። ከሌላኛው ጎን ስታዩት ግን 10 ሺህ ሰው ከተመዘገበ በቀን 10 ሺህ ብር፣ በዓመት 3 ሚሊዮን 650 ሺህ ብር ይሰበሰባል። የዚህ ሥራ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰው የሚወሰደው ለመጨቃጨቅ የማያበቃ ነው፣ ሲደመር ግን ትልቅ ገንዘብ ነው።

ለሁሉም ሰው ደግሞ እኩል ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጾ ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ማለት ነው። ሁለት አገልግሎት በቀን አንድ አንድ ብር ቢቆርጥባት፣ አንዲት እንደዚያ የምትከፈል ልጅ በወር 60 ብር ታጣለች፤ ከመነሻ ደመወዟ ከመቶ 8 እጅ። የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት እንደኛ ባለ ከተማ ይሄ ስለ ሳንቲም ወሬ አይደለም፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አስቤዛ ነው።

ቁጥሮቹን በአራት እንለያቸው

1. ነፃ ቁጥሮች። ደዋዩ አይከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ተቋሙ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነፃ ነው። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም የለመድነው የጤና ጥሪ 8335 ነፃ ነበር። ለገበሬዎች የግብርና ምክር የሚሰጠው 8028ም ከ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በነፃ የሚሠራ ነው። ልብ በሉ፣ 8335 እና 8028 አራት አሃዝ ናቸው። «አራት አሃዝ ሁሉ ካርድ ይበላል» የሚባለው ልክ አይደለም።

2. ተራ ዋጋ ያላቸው። በ09 ወይም በ07 የሚጀምሩ የሞባይል ቁጥሮች፣ እንዲሁም የእኛ አካባቢ የመደበኛ ስልክ መለያ የሆነው 033። እነዚህ ላይ የምትከፍሉት የተለመደውን የጥሪ ዋጋ ነው፤ የሚደወልለት ሰው ድርሻ የለውም።

3. በአንድ ጊዜ የሚያስከፍሉ። ለአንድ መልእክት ወይም ለአንድ ደቂቃ ከተራው በላይ ይቆርጣሉ። የድምፅ መስጫ፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የስልክ ምክር አገልግሎት እዚህ ይመደባሉ። ካልደገማችሁ አይደግሙም።

4. ደንበኝነት ያላቸው። አንዴ «እሺ» ካላችሁ እስክታስቆሙት ድረስ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ይቆርጣሉ። የጥቅስ፣ የስፖርት ውጤት፣ የመንፈሳዊ መልእክት፣ የጨዋታ አገልግሎቶች ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ከፍተኛው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሂሳባችሁ ባዶ ሲሆን ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ካርድ ስትሞሉ ቀድሞ የሚቆርጥም ሊኖር ይችላል። «ካርድ እንደሞላሁ ቀነሰ» የምትሉት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሁሉም ማጭበርበር አይደለም

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ለሕዳሴ ግድብ 8100 ላይ «ኤ» ብሎ የላከ ሰው ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ አውቆ፣ ፈልጎ ነው የላከው። ለልብ ሕሙማን ሕፃናት በ6710 የተሰበሰበውም እንደዚያው ነው። ባንክ የማይጠቀም፣ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ሳይቀር ከቤቱ ሆኖ በ1 እና በ2 ብር አገር ጉዳይ ላይ መሳተፍ የቻለው በዚህ ሲስተም ነው። በመልእክት ሎተሪ የሚቆርጥ ሰውም ዋጋውን አይቶ ከቆረጠ ምርጫው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ተጨማሪ ያስከፍላል ወይ?» ብቻ አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት እንደሚያስከፍል ቀድሞ ነግሮኛል ወይ? ሌላ አማራጭስ አለኝ ወይ?» ነው። መዋጮ ላይ አማራጭ አለን፤ አለመላክ። ዕቃ የገዛንበት፣ ገንዘብ ያስቀመጥንበት፣ ትኬት የቆረጥንበት ድርጅት ጋ ችግር ገጥሞን ስንደውል ግን አማራጭ የለንም። ያለው ቁጥር ያ ብቻ ከሆነ ቅሬታችንን ለማቅረብ ራሱ እየከፈልን ነው ማለት ነው።

ሙዚቃው ለምን ይረዝማል?

የሚያስከፍል የደንበኞች መስመር ላይ ስትደውሉ ሂሳቡ መቁጠር የሚጀምረው ሰው ሲያነሳ አይደለም፤ ማሽኑ ሲያነሳ ነው። «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ»፣ ከዚያ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ «ሁሉም ሠራተኞቻችን በሥራ ላይ ናቸው» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ሁሉ ደቂቃ ነው። ቁጥሩ ገቢ የሚያጋራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፦ እናንተን ማስጠበቅ ለድርጅቱ ወጪ መሆኑ ቀርቶ ገቢ ይሆናል። ቶሎ የሚያነሳ ድርጅት ያገኘው የነበረውን ያጣል። ማንም ሆን ብሎ ያስጠብቃል እያልን አይደለም፤ ግን አሠራሩ ራሱ ለማፋጠን አይገፋፋም።

እኛ አካባቢ ደግሞ ለየት ያለ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቴሌግራም የለ፣ አፕ የለ፣ የድርጅቱን ፔጅ ገብቶ መጠየቅ የለ። የቀረው ጥሪና መልእክት ብቻ ነው። ሌላ ከተማ ያለ ሰው በነፃ ቻት የሚያደርገውን እኛ በደቂቃ ከፍለን ነበር የምናደርገው። ስለዚህ «ዌብሳይታችንን ይጎብኙ» የሚል መልስ ሁልጊዜ መልስ አይሆንም፤ ተራ ዋጋ ያለው ስልክ ቁጥር ለእኛ የግድ ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ቀድመውን ያለፉበት አሉ።

አሜሪካ፦ እ.ኤ.አ. በ1980 የካርተርና ሬጋን የምርጫ ክርክር እንዳበቃ ኤቢሲ ቴሌቪዥን «ማን አሸነፈ?» ብሎ ተመልካቹን በ900 ቁጥር አስደወለ፤ አንዱ ጥሪ 50 ሳንቲም ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት 900 ቁጥሮች በየዘርፉ በዙ፣ ልጆች ሳይቀሩ የወላጆቻቸውን ሂሳብ አናሩ። በ1992 ኮንግረስ ሕግ አወጣ። በዚያ መሠረት ጥሪው ሲጀምር ዋጋው በድምፅ ይነገራል፤ ደዋዩ ያን ሰምቶ ከዘጋ አይከፍልም።

እንግሊዝ፦ ባንኮች፣ አየር መንገዶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ በ084 እና በ087 የሚጀምሩ ውድ ቁጥሮችን ይጠቀሙ ነበር። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ ሰዎች የማዕከላዊ መንግሥት ውድ መስመሮች ላይ በመደወል በአንድ ዓመት 56 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደከፈሉ ገምቷል። ከሰኔ 13 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ የሚሰጠው የደንበኞች ስልክ ከተራ ጥሪ በላይ እንዳያስከፍል ተከለከለ። በ2015 ደግሞ በነዚህ ቁጥሮች ላይ የቴሌኮሙና የድርጅቱ ክፍያ ተለያይቶ እንዲገለጽ ተደረገ።

ጀርመን፦ በኢንተርኔት ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ኮምቴክ የሚባል ድርጅት በ0180 ቁጥር ከተራ በላይ ያስከፍል ነበር። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 (እ.ኤ.አ.) የሰጠው ውሳኔ ግልጽ ነው፦ ከገዙ በኋላ የሚደወልበት ስልክ ከተራ ጥሪ መብለጥ የለበትም፤ ነጋዴው ከሱ አተረፈ አላተረፈ ለውጥ የለውም።

ሕንድ፦ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ድርብ ማረጋገጫ አስገደደ። አንዴ «እሺ» ማለት አይበቃም፤ ዋጋው ተጽፎ ይመጣና ለሁለተኛ ጊዜ ስታረጋግጥ ብቻ ነው የሚቆረጠው።

የአራቱንም ሐሳብ በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፦ ዋጋውን አስቀድመህ ንገር፤ ደንበኛህ ቅሬታ ስላለው አታስከፍለው።

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅሙን ሦስት አዋጆች አሉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ነጋዴው ደግሞ ዋጋውን በግልጽ የማሳየት ግዴታ አለበት። የስልክ አገልግሎትም አገልግሎት ነው። ሱቅ ውስጥ የዳቦ ዋጋ ከተለጠፈ፣ ማስታወቂያ ላይ ያለ ቁጥርም ዋጋው አብሮ ሊጻፍ ይገባል ብለን መጠየቅ እንችላለን።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004። ማስታወቂያ አሳሳች መሆን የለበትም ይላል። «ይደውሉ፣ ይሸለሙ» ብሎ በትልቁ ጽፎ ዋጋውን መደበቅ ከዚህ አንጻር መታየት ያለበት ነው።

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው ይሄ ነው። ለቴሌኮም ኩባንያዎች ፈቃድ የሚሰጠው፣ የስልክ ቁጥሮችን የሚያስተዳድረው፣ የተጠቃሚውን መብት የሚጠብቀው እሱ ነው። ከዚህ በፊት ቅሬታችንን የምናቀርበው በአብዛኛው ሂሳቡን ለቆረጠው ለራሱ ኩባንያ ነበር። አሁን ከኩባንያው በላይ የሚሰማ አካል አለ። ሥርዓቱ ግን ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ለኩባንያው፣ መፍትሔ ካልተገኘ ለባለሥልጣኑ።

ዘመዱ፦ የውጭ አገር ሚስኮል

አንዴ ጮሆ የሚዘጋ፣ ከማታውቁት አገር የሚመጣ ጥሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? ጃፓኖች «ዋንጊሪ» ይሉታል፤ አንዴ ደውሎ መቁረጥ ማለት ነው። አሠራሩ ያው ገቢ መጋራት ነው፣ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ማጭበርበር መሆኑ ነው። ቁጥሩ ውጭ አገር ያለ ውድ ቁጥር ነው፤ መልሳችሁ ስትደውሉ በዓለም አቀፍ ዋጋ ይቆረጥባችኋል፣ ከሱ ላይ አጭበርባሪው ድርሻውን ይወስዳል። እንዲያውም መስመሩ እንዳይዘጋ ሙዚቃ ወይም የሚጠራ ድምፅ ያሰሟችኋል።

መለያው ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ቁጥር በ+251 ይጀምራል። በ+ ጀምሮ ቀጥሎ 251 ካልሆነ ከውጭ ነው። ዱባይ ወይም ሳዑዲ ዘመድ ያላችሁ ቤተሰቦች የአገሮቹን መለያ ቁጥር ለእናቶች አሳዩአቸው፦ ሳዑዲ 966፣ ኢምሬትስ 971፣ ኩዌት 965። እህት ደወለች ብለው መልሰው የሚደውሉት እነሱ ናቸውና። የመለያ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ የማይታወቅ ቁጥር ከሆነ ልጅቷን በዋትሳፕ ወይም በኢሞ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ምን እናድርግ?

ከመደወላችሁ በፊት

• ማስታወቂያው ላይ ዋጋ ተጽፏል? ካልተጻፈ እንደሚያስከፍል አድርጋችሁ ቁጠሩት።
• ድርጅቱ 033፣ 09 ወይም 07 ቁጥር እንዳለው ፈልጉ። ደረሰኝ፣ የቢሮ በር፣ የቴሌግራም ቻናል ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል።
• ድርጅቱ ከተማችን ውስጥ ቅርንጫፍ ካለው በአካል መሄድ ሊረክስ ይችላል።
• የድምፅ ጥቅል ስላላችሁ ብቻ አጭር ቁጥር በጥቅሉ ይሠራል ብላችሁ አትመኑ። ጥቅሉን ስትገዙ የሚመጣውን ዝርዝር አንብቡ።

ስትደውሉ

• ኢትዮ ቴሌኮም ከሆናችሁ ከመደወላችሁ በፊትና በኋላ *804# ብላችሁ ቀሪ ሂሳብ እዩ። የቁጥሩን እውነተኛ ዋጋ የምታውቁበት ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው።
• ማሽኑ ካነሳ ጀምሮ ሰዓት ያዙ። ሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ከሰማችሁ ዝጉት።

የማታውቁት መልእክት ሲመጣ

• ስክሪን ላይ ድንገት ወጥቶ «እሺ» እና «ተመለስ» የሚል ነገር ሳታነቡ «እሺ» አትበሉ። ስልክ ለልጅ ስትሰጡ ይሄን አስቡ።
• በየቀኑ የሚቆርጥ አገልግሎት ካለ መልእክቱ ወደመጣበት ቁጥር «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ላኩ። ማቋረጡን የሚያረጋግጥ መልስ እስኪመጣ ጠብቁ፤ ስክሪንሹት ያዙ።
• በማግስቱ ከቆረጠ ኢትዮ ቴሌኮም ወደ 994፣ ሳፋሪኮም ወደ 700 ደውላችሁ «የተመዘገብኩባቸውን አገልግሎቶች ንገሩኝና ሁሉንም አቋርጡልኝ» በሉ።

ቅሬታ ስታቀርቡ

• ቀን፣ ሰዓት፣ አጭር ቁጥሩ፣ የተቆረጠው ብር፤ አራቱን ጽፋችሁ ያዙ። «ካርዴን በላው» ብቻ ካላችሁ ማንም አይፈልግላችሁም።
• ለኩባንያው ያመለከታችሁበትን ማስረጃ ወይም የቅሬታ ቁጥር ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ወደ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የምትሄዱት በሱ ነው።
• ጉዳዩ የቴሌ ሳይሆን ዋጋውን የደበቀ ነጋዴ ከሆነ የከተማውን ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ለከተማችን ነጋዴዎችም አንድ ቃል

አጭር ቁጥር መያዝ ነውር አይደለም። ለማስታወስ ይቀላል፣ ስም ይሠራል። 951 ሲባል ንግድ ባንክ፣ 8294 ሲባል ራይድ ትዝ የሚለን ለዚህ ነው። ግን ቁጥሩን ስትከራዩ የውሉን ዋጋ ክፍል ጠይቁ፦ ደዋዩ በደቂቃ ስንት ይከፍላል? እኛስ ከሱ ድርሻ አለን? ካለ ባነራችሁ ላይ ከቁጥሩ ሥር ጻፉት። ለሽያጭ አጭሩን ተጠቀሙ፤ ለቅሬታ ግን 033 ወይም 09 ቁጥር አስቀምጡ። ዕቃው ተበላሽቶበት የደወለ ደንበኛ አንዴ ከስሯል፤ በስልኩም ላይ ከከሰረ ተመልሶ አይመጣም፣ ሰፈሩንም ይዞ ይሄዳል።

ለማጠቃለል

ቁጥር ማጠሩ ርካሽ አያደርገውም፣ ውድም አያደርገውም። ወሳኙ ዋጋው መነገሩ ነው። ዋጋውን ያልነገራችሁ ቁጥር ላይ ጣታችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ጠይቁ። ዛሬ ማታ ደግሞ የእናታችሁን ስልክ ተቀበሉና የመልእክት ሳጥኑን እዩላቸው፤ በየቀኑ ከአንድ አጭር ቁጥር የሚመጣ መልእክት ካለ ይከፈልበት እንደሆነ አጣሩላቸው። ብዙ ጊዜ ስልክ ላይ የሚመጣውን ሁሉ «ቴሌ ነው የላከው» ብለው የሚተዉት እነሱ ናቸው።

ሼር አድርጉት፤ ካርዱ ለሚበላበት ወዳጅ ይድረስ።